ከሆሊስ መኪና ኋላ

ኔልዳ ፌርሊ እናቷን በቀበረች በሳምንቱ ከምትሠራበት የልብስ ንጽሕና ቤት ገብታ የአንድ ሰባኪ ሸሚዝ ስትተኩስ፣ የጋለውን ካውያ መዳፏ ላይ አሳረፈችው። የነገራት ሽታው ነው። እጇን አንስታ ብታየው ቆዳው ተልጧል፤ እሷ ግን ምንም አልተሰማትም። በጨርቅ ጠቀለለችውና ሸሚዙን ተኩሳ ጨረሰች።

የከተማው ሰው «ጠንካራ ልጅ ናት» አለ። በሚሲሲፒ ጥድ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት የዶሮ ጥብስና ኬክ ይዞ ይመጣል፤ የማታለቅስ ሐዘንተኛ ካገኘ ደግሞ አድንቆ ይመለሳል። ኔልዳ ግን ጠንካራ አልነበረችም። ደንዝዛ ነበር። ቀረብ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር ኖሮ አትደብቅም ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም።

እናቷ ቨርና በአካባቢው ስሟ የታወቀ የመኪና ተወዳዳሪ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አጭር የውድድር መንገድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ይፈተለካሉ፤ ዓይን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። ቨርና እዚያ ስንቱን ጎረምሳ አፈር አስግጣለች። ኔልዳ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትቆመው ከእናቷ መኪና ኋላ ነበር። ነጂው ጎማውን አጭሶ ካሞቀ በኋላ መነሻው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከሱ በፊት ያለፉት መኪኖች የጎማ ቅሪት መንገዱ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቷል፤ ጎማው የሚይዘው እዚያ ላይ ብቻ ነው። መቀመጫው ላይ ሆኖ አያየውም። ስለዚህ ከኋላው ቆሞ በእጁ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በቃ።

ይህን የሚያደርገው የራስ ሰው ነው፤ ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወንድም። በዚያ ሜዳ ከሰው መኪና ኋላ መቆም ቀለበት ከማሰር ብዙም አይለይም። አንዲት ሴት ከአንድ ወንድ መኪና ኋላ ከቆመች፣ በማግስቱ የከተማው ሴቶች የሠርጉን ኬክ ማን ይጋግር እያሉ መነታረክ ይጀምራሉ።

ቨርና ከሞተች በኋላ ኔልዳ ቅዳሜን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። እግሯ ወደለመደው ቦታ ወሰዳት። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ገዝታ የተመልካች ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ተራው የሆሊስ ቴት ሆነ። ሆሊስ የዶሮ እርባታ ቤቶችን ማራገቢያ የሚጠግን፣ ጆሮው ከባርኔጣው የሚያመልጥ ረጅም ሰው ነው። በአሮጌው ሰማያዊ ሙስታንግ መኪናው በሥራ ቀን ዶሮዎቹ ዘንድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄድበታል፤ ቅዳሜ ይወዳደርበታል። ለዚሁ ብሎ በመንገድ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደ፣ ጥቂት ጥርስ ያለው የውድድር ጎማ አስገጥሟል። አረንጓዴው ሲበራ ነዳጁን ወለል እስኪነካ ረገጠው። ጎማው እዚያው ሾረ። ሌላኛው መኪና ጨርሶ ሲሄድ ሆሊስ ገና ጭስ ውስጥ ነበር።

የሜዳው ድምፅ ማጉያ በሚስ አርዴል እጅ ነው፤ ሰባን ያለፉ፣ ምላሳቸው ያላረጀ ባልቴት።

«ወገኖቼ፣ አትደንግጡ፣ ቃጠሎ አይደለም፤ ሆሊስ ነው!» አሉ። «ሆሊስ ልጄ፣ ሥጋ የምትጠብስ ከሆነ ቀድመህ ንገረን እንጂ፣ ዳቦ ይዘን እንድንመጣ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ኔልዳ ኦቾሎኒዋን መፈልፈሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥላ አረፈባት።

«ይቅርታ፣ የሚስ ቨርና ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ሁሉም ሲስቅብኝ አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

«አዝኜልህ አይደለም። መሳቅ ስላቃተኝ ነው።»

ሆሊስ አያት። ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ አንድ ነገር ብሎ ይሄዳል፤ እሱ ግን ከሷ ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«እሺ፣ ሳትስቂ ንገሪኝ። ምን እያጠፋሁ ነው?»

«ጥርስ የሌለው፣ ሊሾ ጎማ እንዳለው ሰው ነው የምትረግጠው። የእናቴ ሊሾ ነበር። ሊሾ ቢሾርም መልሶ ይይዛል። ያንተኛው አንዴ ከለቀቀ አለቀ። አየሩንም ከልክ በላይ ሞልተኸዋል፣ ትንሽ አስተንፍሰው። ስትነሳ ለስለስ አድርገህ አስይዘው፤ መሬቱን ሲነክስልህ ያኔ እርገጥ።»

«ለስለስ አድርጌ? ሰዉ ሁሉ ጠንከር በል ነው የሚለኝ።»

«ሰዉን ምን አገባው? መኪናው ያንተ ነው።»

በሚቀጥለው ዙር ለስለስ አድርጎ አስነሳው። ሙስታንጉ አፍንጫውን ብድግ አደረገና ነክሶ ሄደ። ሆሊስ ተመልሶ ሲመጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር።

«ያዘ! አየሽው? ያዘልኝ እኮ!»

«አየሁ» አለች። መደሰት እንደነበረባት ገባት። ፈለገችው፤ ደስታው ግን የለም።

ሰኞ ጠዋት ሆሊስ የሥራ ቱታውን በክንዱ አንጠልጥሎ የልብስ ንጽሕና ቤቱ መስኮት ላይ ቆመ።

«ይሄ ነገር ዶሮ ዶሮ ይሸታል» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያመጣሁት።»

«ሐሙስ ይደርሳል።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ባመጣስ?»

«ስንት ልብስ ነው ያለህ?»

«ካለቀብኝ የጎረቤት እለምናለሁ።»

ቱታውን ስትቀበለው ጣታቸው ተነካካ። ሆሊስ እስከ ጆሮው ቀላ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ በሚሸጥበት ቤት አብረው መብላት ጀመሩ። እሱ ስለ ዶሮዎች ያወራል፤ እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን ሹካውን አስቀመጠ።

«ኔልዳ፣ ከእኔ ጋር ስትሆኚ ደስ ይልሻል?»

«አላውቅም፣ ሆሊስ» አለች እውነቱን። «ከእናቴ ጋር የሆነ ነገር አብሮ ተቀብሯል። ዓሣው ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተም ጥሩ ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ። ግን ከማወቅ አያልፍም።»

«ታዲያ ልተውሽ?»

«አትተወኝ።»

ቃሉ ከየት እንደወጣ ራሷም አላወቀችም። ሆሊስ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ቆየ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ዓሣውን መብላት ቀጠለ። ያን ዝምታውን ወደደችው፤ ወይም መውደድ የሚባለው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች።

እዚያ አገር በጋው በሚገባበት በሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ መጣ።

«ጥቁሩን መስመር አላየውም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

የሚጠይቃት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ኔልዳ ተነስታ ከመኪናው ኋላ ቆመች።

«ወገኖቼ፣ ባርኔጣ አውልቁ!» ሚስ አርዴል ጮኹ። «ሆሊስ ቴት ከኋላው ሰው አቆመ! ሴቶች፣ ምድጃ አሙቁ!»

በጋውን ሙሉ መራችው። ከመነሻው በፊት ውሃ የሚረጭበት ቦታ አለ። ሊሾ ጎማ ያላቸው እዚያ ውሃ ውስጥ ገብተው ነው የሚያጨሱት። ጥርስ ያለው ጎማ ግን ዞሮ ማለፍ አለበት፤ ጥርሱ ውሃውን ይዞ ወደ መኪናው ሆድ ይረጨዋል፣ ኋላ መነሻው ላይ ተመልሶ ጎማው ላይ ይንጠባጠባል። ኔልዳ በእጇ ዙር ትለዋለች፤ ዞሮ ያልፋል፤ ደረቁ ላይ አጭሶ ያሞቃል፤ እሷ ጎማውን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ወደ መስመሩ ታስገባዋለች። ጎማ በእጅ እንጂ በዓይን አይታወቅም ትል ነበር ቨርና። የኔልዳ መዳፍ ግን ምንም አይነግራትም። ጭሱን አይታ ትገምታለች እንጂ።

የበጋው ማብቂያ ላይ በአንድ የጋለ ከሰዓት በኋላ ኔልዳ እንደወትሮዋ ቆመች። ስለምንም አላሰበችም። እጆቿ ግን በራሳቸው ተነስተው ለእናቷ ስንት ዓመት ያደረጉትን አደረጉ። ቀጥታ፣ ና፣ ና። ሆሊስ የሷን እጅ ተጠራጥሮ አያውቅም። ቀጥታ ውሃው ውስጥ ገባ።

አረንጓዴው በራ። አንደኛው ጎማ ያዘ፣ እርጥቡ ሾረ። ሙስታንጉ ወደ ጎን ተወርውሮ የሲሚንቶውን ግድግዳ እየፋቀ ሄደና ቆመ። ሰው ሁሉ ሮጠ። ኔልዳ እጇን ወደ ላይ እንዳነሳች ባለችበት ቀረች።

ሆሊስ ከመኪናው ወጥቶ ሰዎቹን እየገፋ ወደ እሷ መጣ።

«ደህና ነኝ። ኔልዳ፣ እይኝ፣ ደህና ነኝ።»

«ውሃው ውስጥ ያስገባሁህ እኔ ነኝ።»

«ብረት ነው፣ ይቃናል።»

«ሆሊስ፣ ምንም አልተሰማኝም። መኪናህ ግድግዳው ላይ ሲሄድ እያየሁ፣ ሞተ ብዬም እያሰብኩ፣ ምንም አልተሰማኝም።»

ግድግዳው ያላደረሰበትን ጉዳት ይህ አደረሰበት፤ ፊቱ ላይ ታየ። ኔልዳም አየችው። ፈራች፤ የፈራችው ራሷን ነበር። ዞራ ከሜዳው በእግሯ ወጣች፤ በቀጣዮቹ ቅዳሜዎችም አልመጣችም።

መስከረም ላይ ሆሊስ የልብስ ንጽሕና ቤቱ መስኮት ላይ መጣ። በክንዱ ልብስ አልያዘም።

«እወድሻለሁ» አለ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። «ይሄን አንዴ ልበለው ብዬ ነው። ወንድሜ ቴክሳስ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሥራ አግኝቶልኛል። እስከ ወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ እወዳደራለሁ። ከኋላዬ ሌላ ሰው አላቆምም፣ ቦታው ያንቺ ነው። በዚያን ቀንም ባዶ ከሆነ እሄዳለሁ። ተቀይሜሽ አይደለም። በየቀኑ እያየሁሽ አንቺን አጥቼ መኖር ስለማልችል ነው።»

ካውያው በእጇ እንዳለ ቆመች። «ካልተሰማኝስ?»

«ሳይሰማሽ ነይ።»

ሲሄድ ጀርባውን ከማየት በቀር ምንም አላደረገችም።

የመጨረሻው ቅዳሜ በኅዳር ብርድ መጣ። ኔልዳ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ቆየች። አንዱን ጨርሳ አጥፋ አስቀመጠችው። ወዲያው ያንኑ ሸሚዝ መልሳ ዘርግታ ስትተኩስ ራሷን ያዘችው። ካውያውን ነቀለች፣ ካፖርቷን አነሳች።

ስትደርስ ሰማያዊው ሙስታንግ ሰልፍ ላይ ነበር፤ የጎኑ ቆርቆሮ ቀይ ሆኗል፣ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ። ከኋላው ማንም የለም። ሰዉ ሁሉ ያንን ባዶ ቦታ ያያል። ሚስ አርዴል እንኳ ዝም ብለዋል፤ እሳቸው ማጉያ ይዘው ዝም ሲሉ ያየ የለም።

ኔልዳ በአጥሩ በር ገባች። አሁንም ምንም አልተሰማትም። ዝም ብላ ሄዳ ቆመች። ሆሊስ በመስታወቱ አያት። እጇን አንስታ ዙር አለችው። ውሃውን ዞሮ አለፈ። ብርድ ስለሆነ ጨምር አለችው፤ ጨመረ፤ ጭሱ ሸፈናት። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ መዳፏን ጎማው ላይ ጫነች።

አቃጠላት።

«እህ!» ብላ ጮኸች። እጇን ስትስበው የቀለጠው ጎማ ተጣብቆ አብሯት ተነሳ። አመማት። ከእጇ እስከ ክንዷ፣ ከክንዷ እስከ ደረቷ አመማት፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሕመሙ የእጅ አልነበረም። እናቷ ሞታለች። ይህ ሰው ሊሄድ ነው። ኔልዳ እዚያው መንገዱ መሃል ቆማ፣ ሕዝብ እያያት፣ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሆሊስ ፊቱን አዙሮ በሩን ሊከፍት ሲል በተቃጠለው እጇ ወደ ፊት ጠቆመችው። ሂድ!

ባላጋራው ቀድሞ ሄዷል። የሆሊስ አረንጓዴ በርቶ ቆይቷል፤ እሱ መስታወቱን እያየ ነበር። በመጨረሻ ለስለስ አድርጎ ለቀቀው። ጎማው ሳያጨስ፣ ሳይሾር መሬቱን ነከሰ፤ ሙስታንጉ አፍንጫውን ሰማይ አሳይቶ ሄደ። እንዲህ ያለ አነሳስ በዚያ መንገድ ላይ ከቨርና ወዲህ አልታየም።

«ወገኖቼ፣ ሆሊስ ተሸነፈ!» ሚስ አርዴል ጮኹ። «በዕድሜዬ እንዲህ አምሮበት የተሸነፈ ሰው አላየሁም!»

መኪናውን አቁሞ ሲመጣ ኔልዳ አጥሩን ተደግፋ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«አነሳሴን አየሽው?»

«አላየሁም። እያለቀስኩ ነበር።» መዳፏን ዘረጋችለት፤ ቀልቶ፣ ጥቁር ጎማ ተለጥፎበት። «አቃጠለኝ፣ ሆሊስ።»

«ያማል?»

«በጣም ያማል» አለች፤ ይህን ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን ሆሊስ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም።

እጇን በሁለት እጁ ያዘና ቀስ ብሎ እፍ አለላት። ስለ ቴክሳስ ማንሳት ሁለቱም ፈርተዋል። በመጨረሻ የጀመረችው እሷ ናት።

«ሰኞ ቱታህን አምጣልኝ።»

ሆሊስ ቀና ብሎ አያት። ጆሮው መቅላት ጀመረ።

«ዶሮ ዶሮ ይሸታል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚህ ነው አምጣ ያልኩህ።»