ብረት አልባው መጋጠሚያ

መጀመሪያ የተሰማው ሰንሰለቱ ነው።

ጭጋጉ ምንም አያሳይም። ከራሱ በላይ፣ ኮንክሪቱ መንገድ ላይ፣ ሰንሰለት ይጎተታል። ጭርርር... ጭርርር... ከዚያ ድምፁ ድንገት ደነዘዘ።

ቆመ።

«ይሄስ ከሥሩ ለቋል! ገና ሳይመረቅ!» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ከመንገዱ ሥር፣ የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ ውስጥ የተጎነበሰው ወጣት ትንፋሹን ዋጠ። ድምፁን ያውቀዋል። ጋሼ ሞተር ነው፤ የመንገድ ሥራ ድርጅቱ አንጋፋ የመሰርሰሪያ ኦፕሬተር፤ ሰንሰለት እየጎተተ ኮንክሪቱ የለቀቀበትን ቦታ በድምፁ ይለያል። ቤት ያከራየው፣ እንደ ልጁም የሚያየው ሰው።

ሰንሰለቱ እየራቀ ሄደ።

ካምፑ ውስጥ ወጣቱን «ዝምተኛው» ይሉታል፤ የላቦራቶሪ ረዳት ነው። የሥራውን ጉድለት በስውር እንዲያጋልጥ ከላኩት ሰዎች ዘንድ ግን ስሙ ጤዛ ነው። ኮንክሪት መንገድ ሰሌዳ በሰሌዳ ይሞላል፤ መጋጠሚያው ውስጥ የሚቀበሩት ብረቶች የመኪናውን ክብደት ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። ብረቱ ከሌለ ጠርዙ ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል። ዕድሜ ልክ ያገለግላል የተባለው መንገድ ለጥቂት ክረምት አይበቃም። ሥራ አስኪያጁ ገደሉ ላይ ባለው መታጠፊያ ብረቱን አስቀርቶታል። ናሙና የሚያስቆርጠው ሁልጊዜ ከካምፑ በር ፊት ነው፤ እዚያ ብረት አለ። ዛሬ መንገዱን የሚረከበው ኮሚቴ ይመጣል። ከፈረመ አለቀ። በዚያ ገደል ጠርዝ ላይ ሕዝብ የጫኑ አውቶብሶች ይነጉዳሉ።

ጤዛ የግንድ ጉማጅ የመሰለ ናሙና በጆንያ ጠቅልሎ ታቅፏል። ከመታጠፊያው የተቆረጠ ነው።

ኮቴ።

ከጭጋጉ ውስጥ አጭር ሰው ወጣ። አጎት ይሉታል። ከላኪዎቹ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው፤ ናሙናውንም ለኮሚቴው የሚያደርሰው እሱ ነው።

«ውሃው የት ደረሰ?» አለ፤ የይለፍ ቃላቸው ነው።

«ጉልበት አልሞላም።»

«አምጣው።»

ሰጠው። አጎት ኮቱ ሥር ሸጎጠና «መሰርሰሪያውን ማን ነዳልህ?» አለ።

ጤዛ ቀና አለ። አገናኝ እንዲህ አይጠይቅም። የማያስፈልግህን ስም አትስማ፤ መጀመሪያ የተማሩት ይህንን ነው።

«ብቻዬን።»

«ተው እንጂ! ያ ቀይ ማሽን ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

ማሽኑ ቀይ መሆኑን ጤዛ ነግሮት አያውቅም።

የነገረው የካምፑ ሰው ነው፤ አጎት ተገዝቷል።

«ጉልበት ካለህ አንድም ይበቃል» አለና ሳቀ። አጎትም ሳቀ። ተለያዩ።

አጎት አንድ ነገር አላወቀም። ከዚያው መጋጠሚያ የተቆረጠው ናሙና ሁለት ነው። ሁለተኛው ላቦራቶሪው የውሃ ገንዳ ውስጥ፣ እሱን በሚመስሉ ናሙናዎች መሃል ተኝቷል።

ጤዛ ካምፑ ሲደርስ የአጎት ወሬ በመኪና ቀድሞታል። ጥበቃዎቹ ጋሼ ሞተርን አንቀው ይዘውታል።

«መታጠፊያውን ማን ነው የቦረቦረው?» ሥራ አስኪያጁ ይጮሃል። «ማሽኑ ያለው አንተ እጅ ነው!»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ ጤዛ ላይ አረፈ። ትናንት «ጋሼ፣ እጄን ላፍታታ፣ እስቲ ማሽኑን መታጠፊያው ላይ ያሳዩኝ» ብሎ የለመነው ይኸው ልጅ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ሞተር። «ማሽኑን ልሞክር ብዬ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጤዛ አፉን ቢከፍት ሽማግሌው ይለቀቃል። ናሙናው ግን ከገንዳው ሳይወጣ ይቀራል።

ፊቱን ወደ ላቦራቶሪው አዞረ።

ሽማግሌውን እየገፈተሩ ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ጩኸት። አጭር።

ጤዛ ላቦራቶሪው ገባ። እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። ናሙናውን አወጣ፣ ጠረገ፣ በቀለም «መታጠፊያ» ብሎ ጻፈበት። ሌሎቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ዳር አኖረው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ መሐንዲስ ሴትዮ ናቸው። አንድ በአንድ እያገላበጡ መጡና መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«የዚህ ብረቱ የታለ?»

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን ላሰ። «እሱ... የኛ አይደለም።»

«መታጠፊያ ይላላ! በሉ ማሽኑን አምጡ። እዚያው፣ እፊቴ ቁረጡ።»

ሌላ ኦፕሬተር ቆረጠ። ብረት የለም። ቀጥሎ ያለውም ተቆረጠ። የለም።

«አልረከብም» አሉ ሴትዮዋ። «ፈርሶ ከነብረቱ ይሞላል።»

ተልእኮው አለቀ። ዝምተኛውን ልብ ያለው ሰው የለም።

አመሻሽ ላይ ስልኩ መልእክት ተቀበለ። «አጎት ታሟል፤ አስተኝተነዋል። አንተም ተነስ።» ታሟል ማለት ክህደቱ ተደርሶበት ላኪዎቹ ይዘውታል ነው። ተነስ ማለት ዛሬውኑ ጥፋ።

ጋሼ ሞተር ተለቆ ቤቱ፣ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቹ ከእንግዲህ ማሽን አይጨብጡም ብሎታል ሐኪሙ። ሚስቱ እትዬ በማንኪያ ሾርባ ታጠጣዋለች።

«መጣህ የኔ ልጅ? ይኸው በስተርጅና ወለድኩልህ፤ ጥርስ ያለው ሕፃን!» አለችው። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ሽማግሌው ማንኪያውን በግራ እጁ ገፋ አደረገ።

«መታጠፊያው ሊፈርስ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። እንዲያው አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔን ሲገፈትሩኝ አፍህን ምን ያዘው?»

ጤዛ ሊነግረው ፈለገ። እውነተኛ ስሙ ምላሱ ላይ ነበር። ከነገራቸው ግን ነገ እነሱንም የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ እንደ ጥበቃዎቹ ያለ ሰው።

ብርድ ልብሱን ሽማግሌው እግር ላይ አስተካከለለት። ሻንጣውን ከጥግ አነሳ።

«እራት እኮ ደርሷል! በዚህ ሰዓት የት ነው?» አለች እትዬ። «እንዴ፣ ሻንጣው ደግሞ ምን ሊሆን ነው?»

የጫማውን ክር አሰረ።

«አንተ ልጅ! አናግረን እንጂ!»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።