ለለቅሶ ብቻ የተሰጠ ድምፅ

ያን ጠዋት ከኮረብታው ስወርድ ከዋርካው ሥር ቆማ አገኘኋት። ጆሮዋ ላይ ትልቅ ሄድፎን ደፍታለች። እጇ ላይ ደግሞ ጠጉራም አይጥ የመሰለ ነገር በዘንግ ይዛለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«አንቺ ማነሽ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ... የወፍ ድምፅ ልቀዳ ነበር የወጣሁት። ከዚያ እርስዎ ተጣሩ...»

«ጋሼ? ምነው ሸዋ! ስንት ዓመቴ መስሎሽ ነው?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የአያ ንብረትን ሞት ላገር ተናግሬ ገና መውረዴ ነው፤ ምን ያስቃል?

በእኛ ቀበሌ፣ ከሽንዲ ወጣ ብሎ፣ ሰው ሲሞት ጠሪ ኮረብታ ላይ ይወጣል። የሟቹን ስም አይጠራም። «ኧረ ስሙ!... ኧረ ስሙ!...» ብሎ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ያን የሰማ ወንድ ሥራውን ጥሎ፣ ሴቷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደዚያ ቤት ይሮጣሉ። ጠሪው እኔ ነኝ፤ ስመኘው እባላለሁ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር።

ይኸ ሥራ ክብር አለው፤ ኑሮ ግን የለውም። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ሰው «ማን ሞተ?» እያለ ከየቤቱ ይወጣል። ስለዚህ ገበያ ላይ የምከራከረው በሹክሹክታ ነው። በበሬዎቼ እንኳ የማርሰው አፌን ዘግቼ ነው። ከልቤ ስቄ አላውቅም። አንዴ የታጨችልኝ ልጅ እናት «ያ ድምፅ ከቤቴ አይገባም!» ብላ ነገሩን አፈረሰችው። ምን ልበላት? ዝም ማለት ለምጄ የለ!

«ሕሊና እባላለሁ» አለችኝ ልጅቱ። ቡሬ ካምፓስ ነው የምትሠራው። ጎረቤታችን እትየ አልጣሽ አክስቷ ናቸው። ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ትቀዳለች፤ ከዚያ ከንፋሱና ከወንዙ ድምፅ ጋር አስማምታ በስልክ ለሰው ታሰማለች።

«ወሬ ለቃሚ ነሽ በይኛ!»

«ወሬ አይደለም፤ ታሪክ ነው። እስኪ የራስዎን ይስሙት...»

«አንተ በይኝ አልኩሽ!»

«እሺ... ስማው።»

ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ደፋችው። እግዚኦ!

ድምፄን ከውጭ ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያ ንፋሱ መጣ። ከዚያ አንድ ሰው ተጣራ። ጥሪው ሸለቆውን አቋርጦ ማዶ ካለው ገደል ሲደርስ ገደሉ መለሰለት። ውሾቹ ዝም አሉ። ከሩቅ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ... አገር በሙሉ ባንድ ሰው ድምፅ ብድግ ሲል ሰማሁት። ያ ሰው እኔ ነኝ? ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሰው የሚሸሸኝ በዚህ ነው» አልኳት።

«እኔ ይኸን ሰምቼ እንዴት እሸሻለሁ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ምን ልበላችሁ... ልቤ እዚያው ዋርካው ሥር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በማይኖርባት ቀን ሁሉ ከቡሬ ትመጣለች። አውድማዬ ዳር ተቀምጣ የመንሹን ድምፅ፣ የገለባውን ድምፅ ትቀዳለች። «ታሪክህን ንገረኝ» ትለኛለች። «ታሪክ የለኝም» እላታለሁ። ትጠብቃለች። እንደሷ መጠበቅ የሚችል ሰው አላየሁም! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለማንም ያልነገርኩትን ስለ አባቴ ነገርኳት። ተናግሬ ስጨርስ ያን ጠጉራም ማይኳን ገለባው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ተጠጋች።

ነገሩ የተበላሸው በገበያ ቀን ነው። እህሌን አስፈጭቼ አህያዬን እየነዳሁ ስመለስ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«አቻምየለሽ! ማን ሞተ?» አልኳት አንዷን ጎረቤቴን።

«ምን ይላል ይኸ! አንተ አይደለህ እንዴ የጠራኸው!»

«እኔ? እኔ እኮ ወፍጮ ቤት ነኝ!»

አህያዋን ጥዬ ሮጥኩ። ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ አያ ንብረት ቤት ነው። ሚስታቸው እማማ ሥርጉት ባላቸውን ከቀበሩ ገና ነው። አሁን ደግሞ ለቀስተኛው በራቸውን ሲሞላው ቡሬ ያለው አንድ ልጃቸው የሞተ መስሏቸው መሬት ላይ ወድቀዋል። «ባምላኩ! ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። ሰው ስልክ ደወለ። ባምላኩ አነሣው።

«እማ! ምን ሆንሽ? ደህና ነኝ እኮ!»

እማማ ሥርጉት ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ።

«የእኔ ጥፋት ነው!» እያለች ሕሊና እየሮጠች መጣች። እትየ አልጣሽ ጆሯቸው ይደክማል። የእኔን ታሪክ ጨርሳ ለሳቸው ላሰማ ብላ የማኅበራቸውን ትልቅ ስፒከር ከፍታበታለች። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ የአያ ንብረትን ቤት በጠቆምኩበት በዚያ ጠዋት ጥሪ ነው። ስፒከሩ አገሩን አዳረሰው!

«ስመኘው፣ አላወቅሁም... በሞቴ...»

«ድምፄን መጫወቻ አደረግሽው!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ በሙሉ ድምፄ። ሕሊና ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች። በመጀመሪያው ባጃጅ ወጥታ ከሽንዲ በሚኒባስ ቡሬ ገባች።

እድሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ቄስ ሃይለ ሚካኤል «ጥሪ አንዴ ከታማ፣ ሁለተኛ ሰው ሲሞት ማን ይወጣል? ለእሑድ ሌላ ጠሪ እንመርጣለን» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። የአባቴን ቦታ ላጣ ነው። ከዚያ የባሰብኝ ግን ሌላ ነበር። ድምፄን የወደደ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሷንም በዚሁ ድምፅ አባረርኳት። ስልኬን አንሥቼ አስቀምጣለሁ፣ አንሥቼ አስቀምጣለሁ። ምን ብዬ ልናገር?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግራር ሥር ተቀመጠ። የእድሩን ነገር ከአክስቷ ሰምታ ኖሮ ሕሊና መጣች! ማንንም ሳታይ በቀጥታ ሄዳ እማማ ሥርጉት እግር ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ እሱ ምንም አላጠፋም። ድምፁን ያለ ቦታው ያሰማሁ እኔ ነኝ። የፈለጋችሁትን ቅጡኝ። እሱን ከመሻራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ስሙልኝ...»

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ወደ እማማ ሥርጉት ዞሩ። «የተጎዱት እርስዎ ነዎት። ይፈቅዳሉ?»

እማማ ሥርጉት ልጅቱን ብዙ አዩዋት። «ታሰማ» አሉ።

ስልኳን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ ተጠጋ። የእኔ ድምፅ መጣ፤ ጥሪ አልነበረም፣ ዝቅ ያለ ነው።

«አባቴ ያረፈ ዕለት ጠሪ አልነበረም። ጠሪው እሱ ነበራ! ታዲያ ሰው በምን ይወቅ? እናቴ አየችኝ። ኮረብታው ላይ ወጣሁ። አፌን ስከፍት ለቅሶ መጣብኝ። ካለቀስኩ ድምፄ ማዶ አይደርስም፤ ካልደረሰ አባቴ ቀባሪ የለውም። ለቅሶዬን ዋጥኩና ተጣራሁ። ሰው ከየሸንተረሩ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላውን አስለቅሳለሁ እንጂ እኔ ለአባቴ አልቅሼ አላውቅም...»

ከዚያ ንፋሱ ብቻ ተሰማ። ከንፋሱ ሥር አንድ ሰው ማልቀስ ጀመረ። ያን ቀን አውድማው ላይ ያለቀስኩት ነው። «አይዞህ... አይዞህ...» የሚል የሕሊና ድምፅም አለበት።

ቀና አልኩ። ከግራሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል። አቻምየለሽ ትንሰቀሰቃለች። ማንም አልጠራቸውም እኮ! ለስንት ሟቹ ቀባሪ የጠራሁለት አገር፣ አሁን ለእኔ አባት ሊያለቅስ ተሰብስቧል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

እማማ ሥርጉት ተነሡ። «ንብረት ያረፈ ዕለት ወንድሞቼን ከማዶ ያደረሰልኝ ይኸ ልጅ ነው። ሌላ ጠሪ አልፈልግም። ግን ይኸ ድምፅ ለለቅሶ ብቻ መሆኑ ይብቃው!»

«ሌላ ለምን ይሁን ታዲያ?» አሉ ቄሱ።

እማማ ሥርጉት ሕሊናን አዩ፤ እኔን አዩ። «ለሰርግ ነዋ! ዓይን የላችሁም እንዴ?»

ግራሩ ሥር ሳቅ ሆነ። እኔ መሬት አየሁ። ሰው ሲበተን ተከትያት ሄድኩ።

«ሕሊና... ያን ቀን የጮኽኩብሽ... ማሪኝ።»

«አንተም ማረኝ።»

«አንዲት እናት ይኸ ድምፅ ከቤቴ አይገባም ብላ ነበር። አንቺስ ታስገቢዋለሽ?»

«ድምፁማ ድሮ ገብቷል» አለችኝ። «የቀረኸው አንተ ነህ!»

ሰርጋችን የተቆረጠው የአያ ንብረት ሙት ዓመት ወጥቶ እማማ ሥርጉት ከላቸውን ካወጡ በኋላ ነው። በሰርጉ ማግስት ጠዋት እማማ ሥርጉት «ና ደግፈኝ» ብለውኝ ኮረብታው ላይ አብረን ወጣን። ሕሊና ከዋርካው ሥር ማይኳን ይዛ ቆማለች።

«ኧረ ስሙ!... ኧረ ስሙ!...»

ስጣራ ገደሉ መለሰ። ውሾቹ ዝም አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየቤቱ ሲወጡ አየሁ።

«ቤቱ የእኔ ነው!... ሙሽራ ገብታለች!...»

እማማ ሥርጉት ከአጠገቤ እልል አሉ። ታች ያሉት መጀመሪያ ቆሙ። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን ገልብጣ አስተካከለች፤ ሌላዋም፣ ሌላዋም... እልልታው ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ተሻገረ፤ አገሩ ነጭ በነጭ ሆነ።

ያን ቀረጻ አሁንም አልፎ አልፎ እንሰማዋለን። መጨረሻው ላይ አንድ ሰው በሙሉ ድምፁ ሲስቅ ይሰማል። እኔ ነኝ።