ጥጃውን አስሬው ነበር?

ሮሐ ማለቢያውን ይዛ በረቱ ውስጥ ብቅ ስትል፣ ጥጃው ከእናቱ ሥር ገብቶ ጭራውን እያወናጨፈ ይጠባል። አፉ አረፋ በአረፋ ሆኗል። ሮጣ ገፍታ አስለቀቀችውና የላሟን ግት ዳበሰችው። ባዶ ነው፤ የማታው ወተት ሙልጭ ብሎ አልቋል።

«ወይኔ ጉዴ!»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥጃውን ማሰር የእሷ ሥራ ነው። አስራው ነበር? ገመዱን ማንሳቷ ትዝ ይላታል፤ ግን ያ ዛሬ ይሁን ትናንት እንጃ! ይህቺ ልጅ እንዲህ ናት፤ እጇ እዚህ እየሠራ ልቧ ሌላ ቦታ ይዞራል። በዚህ ሳምንት ብቻ ጃንጥላዋን ባጃጅ ውስጥ ትታ ወርዳለች፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ሄዳለች፣ ወጥ አሳርራለች። ወጡ ሲያርር የእናቷ የአባይነሽ ትዕግሥት አለቀ። «አንድ ነገር ደግመሽ ብትረሺ የቅዳሜውን ላንጋኖ እርሺው!» አለቻት። ክፍሉ በሙሉ የሚሄድበት ጉዞ ነው። ሮሐ ደግሞ ሐይቅ ያየችው በስልክ ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሟ እንደሻው ከኋላዋ መጣና የጥጃውን አፍ አይቶ ሳቀ።

«አለቀልሽ በቃ!»

«ዝም በል! እማዬን ምን ልበላት?»

«ባክሽ አታካብጂ። ገመዱን ቆረጥ አድርጊውና ተበጠሰ በያት። ማን ያውቃል?»

ቢላውንም ከወጥ ቤት ያመጣላት እሱ ነው። ሮሐ ተንበርክካ ችካሉ ሥር የተጋደመውን ገመድ አነሳችና ስለቱን አሳረፈችበት። ማን ያውቃል? እሷ ራሷ እንኳ አታውቅማ! አሁን ከቆረጠችው፣ ከሳምንት በኋላ የእውነት ተበጥሶ ነበር ብላ ልታምን ትችላለች። ይኼ ከእናቷ ቁጣ የበለጠ አስፈራት። ቢላውን ለወንድሟ መለሰችለት።

ወዲያው እናቷ መጣች። ጎረቤታቸው እማማ ዙቤዳም ለልጅ ልጃቸው ወተት ሊወስዱ ጣሳቸውን ይዘው ተከትለዋታል። ሮሐ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እማዬ፣ ጥጃው ጠብቶ ጨረሰው። ማሰሬን አለማሰሬን አላውቅም። ሙቺ፣ ትዝ አይለኝም!»

እናቷ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት እማማ ዙቤዳ በሳቅ ቀደሟት።

«ያ ረቢ! እኔስ ብትይ? ሱቄን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ስንቴ ተመልሻለሁ መሰለሽ! አሁን ቁልፉን ሳዞር ‹ዙቤዳ፣ ቆለፍሽ› እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ሰው አበደች ይበል! እኔ ወላሂ ሳልጨነቅ ቤቴ እገባለሁ። አንቺም እጅሽ የሚሠራውን አፍሽ ይናገር፣ ልጄ።»

«የልጁ ወተትስ?» አለች አባይነሽ በሐፍረት።

«ዛሬ አጥሚት ይጠጣል። ጠዋት እመጣለሁ።»

እማማ ዙቤዳ ባዶ ጣሳቸውን ይዘው ሲወጡ ሮሐ መሬት መሬቱን እያየች ጠየቀች።

«ላንጋኖስ... ቀረ?»

አባይነሽ ጥጃውን አየች፤ ከዚያ ልጇን አየች።

«እስከ ቅዳሜ ጥጃው በአንቺ ላይ ነው። አንዴ ቢፈታ ግን ላንጋኖ የለም፣ ወዮልሽ!»

ሮሐ እፎይ አለች። እንዲህ ዓይነት እፎይታ ፈተና አልፋ እንኳ ተሰምቷት አያውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ሳታወርድ በረት ገባች። ዝናብ ያራሰውን ገመድ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረች።

«ሮሐ፣ ጥጃውን አሰርሽ! ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ገመዱ እርጥብ ነው!»

«አሁንስ ለየላት!» አለ እንደሻው በመስኮት። «ከጥጃ ጋር ታወራለች!»

«ከራሴ ጋር ነው የማወራው!»

አመሻሽ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሳለ እናቷ ከጓዳ ተጣራች።

«ሮሐ! ጥጃው ታስሯል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሮጣ ታይ ነበር። አሁን ግን መዳፏን ያረጠበው ገመድ፣ የራሷ ጩኸት፣ የወንድሟ ሹፈት ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታያት።

«አስሬዋለሁ!» አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሳ።