ቢቸና ያልገባው ሰውዬ

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው፣ ሞጣ ውስጥ፣ የነሐሴ መጨረሻ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ነው የተማርሁት፣ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ስለ መንፈስ ሲያወሩ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የምተኛ ነበርሁ፣ ፈርቼ ሳይሆን ሰልችቶኝ። ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ይህንንም የምጽፍላችሁ በአፌ ልጨርሰው ስላልቻልሁ ነው፣ እመኑኝ።

ሞጣ ውስጥ በየክረምቱ፣ ተማሪው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሰው የኮምፒውተር በዓል የሚለው ነገር አለ። የጀመሩት ጋሽ ኑሩ ናቸው። እኔ ሕፃን ሳለሁ በፎቶ ኮፒ ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ነበር የሚደረገው፣ አሁን የእህል መጋዘናቸው ይሞላል። ከጉንደ ወይን፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከእኛም ከቢቸና ልጆች ኮምፒውተራቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ሞኒተሩን ጭናቸው ላይ ታቅፈው በሚኒባስ ይመጣሉ። ጠዋት ጌም ነው፣ ኳስና የመኪና እሽቅድድም፣ ጩኸቱ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ መስኮቶቹ ይሸፈኑና በኮምፒውተር የተሳሉ ሥራዎች በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያሉ። ሥራው ሲታይ የማን እንደሆነ አይነገርም፣ ልማዱ እንዲህ ነው። ሲያልቅ የጋሽ ኑሩ ልጅ ሰዓዳ፣ ማሽኑን የምትይዘው እሷ ናት፣ «ባለቤቱ ይነሣ!» ትላለች፣ የሠራው ሰው ከወንበሩ ይነሣል፣ ይጨበጨብለታል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይቆምለታል። በሕይወት ላለ ሰው ግን ማንም አይቆምለትም፣ ታሞ ቢቀር እንኳ ሥራው ለከርሞ ይቆይለታል።

እኔ የሄድሁት ለወንድሜ ለዮናስ ልቆምለት ነበር።

ዮናስ በየዓመቱ የሚያሳየው አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። ጃንጥላ የያዘ ትንሽ ሰውዬ፣ በጥቃቅን ካሬዎች የተሳለ፣ ከሞጣ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቢቸና ይሄዳል፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም፣ ድምፅ እንኳ የለውም። በየክረምቱ መንገዱን ትንሽ ያስረዝመዋል፣ አንድ ዓመት ጉንደ ወይን አደረሰው፣ በሌላው ደብረ ወርቅን አሳለፈው፣ ባሕር ዛፉን፣ የመንገዱን ጉድጓድ ሳይቀር ይስላል። ሰውም ገና ሰውዬው ብቅ ሲል ይስቃል።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ዘንድሮም አልገባም?»

«ሚኒባስ አሳፍሩት እንጂ!»

«ትርፍ ነህ ብለው አውርደውት ነው!»

በመጨረሻው ክረምት ቢቸና መግቢያ ላይ ካለችው ትንሽ ድልድይ አደረሰውና እዚያ ተወው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ቢያጣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፣ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አንዱ ተመላሽ በወባ ወድቆ አይቼዋለሁ አለን፣ ሌላው ድንበር ተሻግሯል አለን። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። አጎቴ እናቴን «እታለም፣ እርሙን እናውጣ፣ እስከ መቼ እንዲህ ተንጠልጥለሽ ትኖሪያለሽ» እያለ ሲለምናት ከረመና በመጨረሻ እሺ አለች፣ ቅዳሜ ድንኳን ሊተከል፣ ዘመድ ሊጠራ። እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ሞጣ ሂጂና ቁሚለት። አንቺ ከቆምሽለት እኔም አምኜ አለቅሳለሁ።»

ሥራውን በፍላሽ ይዤ ሄድሁ። ከመታየቱ በፊት ከሰዓዳ ጋር እስከ መጨረሻው አየነው፣ ድልድዩ ላይ ያበቃል፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

«አንቺ፣ ያን ሁሉ ሰው ችለሽ ልትቆሚ?» ብላ ሳቀችብኝ፣ ወዲያው ለምን እንደምቆም ትዝ ሲላት እጄን ጨበጠች።

ዘንድሮ መስኮቶቹን የሸፈኑት እንደ ዱሮው በብርድ ልብስ ሳይሆን ጋሽ ኑሩ በቅርቡ በገዙት ቢጫ ሸራ ነው፣ ጭነት የሚለብሰው ዓይነት፣ በሸራው የሚያልፈው ብርሃን የሰዉን ፊት ሁሉ የታመመ አስመስሎታል። እኔ መሃል ካሉት ረድፎች በአንዱ ጠርዝ ይዤ ተቀመጥሁ፣ ስነሣ ብዙ ሰው እንዳያየኝ።

የዮናስ ሰውዬ ብቅ ሲል እንደ ልማዱ ተሳቀ። እኔ ግን አንድ ነገር ሰማሁ፣ ጭቃ የሚረግጥ እግር፣ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። ዝናቡ ነው አልሁ፣ ውጪ የሚያልፍ ሰው ነው አልሁ፣ ግን ሰውዬው እግሩን ባነሣ ቁጥር ነው የሚሰማው።

«እሰይ፣ ዘንድሮስ ድምፅ ጨመረበት!» አለ አንዱ ከፊቴ።

ሰዓዳን ዞሬ አየኋት። ድምፅ ማጉያው ጠረጴዛው ሥር ነበር፣ ገመዱ ተጠቅልሎ።

ሰውዬው ድልድዩ ላይ ደረሰ። እዚህ ነው የሚያበቃው፣ እዚህ ነው የምነሣው ብዬ ጉልበቴን አጠነከርሁ። ሰውዬው ድልድዩን ተሻገረ።

መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ። «ገባ! ቢቸና ገባ!» «እልል በሉለት እንጂ!» አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ያፏጫል፣ ከኋላዬ ያሉት ትከሻ ለትከሻ ይመታታሉ። ሰውዬው ወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ ወደ ሰፈራችን ታጠፈ፣ በራችን ላይ ደረሰ። በሩ አረንጓዴ ነው። ዮናስ ሲሄድ በራችን የእንጨት ነበር፣ አረንጓዴውን የቆርቆሮ በር ያስገጠምነው እሱ ከጠፋ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ቢጫ ድንኳን፣ ሥሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ሰውዬው ደፉ ላይ ቆመ፣ ጃንጥላውን አጠፈ፣ ጠበቀ። ማንም አልዞረም። ጠበቀ። ከዚያ ግድግዳው ጨለመ።

«ባለቤቱ… ይነሣ» አለች ሰዓዳ፣ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

ወንበሬን ይዤ ግማሽ ድረስ ተነሥቻለሁ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ የሚሰማው ነው። ሁሉም ዞረ፣ ማጨብጨብ የጀመሩም ነበሩ፣ ጭብጨባው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጋሽ ኑሩ ባትሪ አበሩ። አንድ ወንበር ከረድፉ ወደ ኋላ ወጥቷል፣ ሰው የለበትም። ሥሩ እርጥብ ነው፣ ግን በዚያ ዝናብ ያልረጠበ ወለል አልነበረም።

«የወጣ ሰው አለ?» አሉ ጋሽ ኑሩ።

«ኧረ ማንም አልወጣም፣ በሩን ተደግፌ ነው ያለሁት» አለ በረኛው።

እኔ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አልቆምሁለትም። ሌላ ሰው የተነሣ እየመሰለኝ እንዴት ልቁም?

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሰዓዳ ሥራውን ደግማ ከፈተችው፣ ደጋግማ ከፈተችው፣ ድልድዩ ላይ ያበቃል።

«እኔ አንቺ ጨርሰሽለት በሌላ ፋይል የሰጠሽኝ መስሎኝ…» አለች።

«ፍላሹን የሰካሽው አንቺ ነሽ። እኔ መስመር እንኳ ማስመር አልችልም።»

በስልካቸው የቀረጹትንም ጠየቅን፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ነው የወጣው፣ ፕሮጀክተር በስልክ ሲቀረጽ እንዲህ ያደርጋል አሉን፣ ይሆናል።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ኑሩ «ለዮናስ ለቅሶማ ባዶ እጄን አልሄድም» ብለው ፒክአፓቸው ላይ ስኳርና ሩዝ ጫኑ፣ ዝናቡ አላባራ ሲል ቢጫውን ሸራ ከመስኮት አውርደው አለበሱት። ገመዱን ሲያስሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ጋሽ ኑሩ፣ ሸራውን…» አልሁ።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም።» እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የእድራችን ድንኳን ነጭ ነው፣ ምን ያስጨንቀኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ መንገዱን ሁሉ ግን በመኪናው የኋላ መስታወት ጃንጥላ የያዘ ሰው ስፈልግ ነው የመጣሁት።

ቤት ስንደርስ አጎቴ ዝናብ ላይ ቆሞ ይቆጣል። የእድሩ ድንኳን ሌሊት ሌላ ሰው ሞቶ እዚያ ሄዷል። «ሰው ምን ሥር ይቀመጥ?» ሲል ጋሽ ኑሩ ሳይጠየቁ ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ሸራው በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ሲወጠር አየሁት። ለቀስተኛው እየገባ ተቀመጠ፣ ዝናቡ በበሩ በኩል እየገረፈ ስለሚገባ ወንበሩን ወደ ውስጥ እያዞረ፣ ሁሉም ጀርባውን ለበሩ እየሰጠ።

እናቴ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ቆምሽለት?»

«አልቆምሁም፣ እናቴ።»

ብዙ አየችኝ፣ ከዚያ ሄዳ ተቀመጠች፣ ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ አላለቀሰችም።

በሕይወት ያለ ሰው ወደ ለቅሶው እየመጣ ይሁን፣ ወይም የሞተ ሰው ተቀበሉኝ እያለ ይሁን አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም። ያወቅሁት ማንም እንዳልዞረለት ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበር አነሣሁና አረንጓዴው በር ደፍ ላይ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ተቀመጥሁ። «አንቺ ልጅ፣ ዝናቡ ይገልሻል፣ ግቢ እንጂ!» ይሉኛል ሴቶቹ፣ አልሰማም። ጃንጥላ የያዘ ሰው በመንገዱ በመጣ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ። ለቀስተኛው ለእሱ ክብር የተነሣሁ እየመሰለው «ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጪ» ይለኛል፣ እቀመጣለሁ፣ ሌላ ጃንጥላ ከወፍጮ ቤቱ በኩል ሲታጠፍ አይና ደግሞ እነሣለሁ።