ይበልጣልን ማን አማው?

«ጌትነት።»

«ይጮኻል።»

«አያሌው።»

«ይጮኻል እቴቴ! እንዲያውም ባሰበት።»

ይበልጣል ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አክስቱ እትዬ የሻረግ ገብስ እያበጠሩ የጓደኞቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። በእሳቸው እምነት ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ጩኸቱ ጸጥ ያለለት ሰው፣ ሐሜተኛው እሱ ነው። የይበልጣል ጆሮ ደግሞ ጭው ማለት ከጀመረ ሳምንት አልፎታል።

«ማስረሻ» አሉ እትዬ የሻረግ።

ከአጥሩ ማዶ የጋሽ አወቀ ወፍጮ ተነስቶ ሰፈሩን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ይበልጣል ጆሮውን ለቀቀ። ጭውታው የለም።

«ተወኝ!» አለ ደንግጦ።

«አላልኩህም? አብሮህ የሳቀ ሁሉ ወዳጅ አይምሰልህ» ብለው ሰፌዳቸውን አራገፉ።

ማስረሻ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከይበልጣል ጎን ያልጠፋ ጓደኛው ነው። ቡሄ ደግሞ ደርሷል። በየዓመቱ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጆች የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብለው ጅራፍ በማጮህ ይፎካከራሉ፤ የላይ ሰፈር አለቆች ይበልጣልና ማስረሻ ናቸው። ይበልጣል ግን በግኗል። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ በልምምድ ሰዓት፣ ማስረሻ ሳይመጣ በፊት፣ ልጆቹን ሰብስቦ «ማስረሻ ዘንድሮ ለታች ሰፈር ሊያጮህ ተስማምቷል» አላቸው። ወሬውን ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም። አንዴ ከአፉ ወጣ፣ ልጆቹም አመኑት።

ማስረሻ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሳቀ ሲመጣ ሰላም ያለው የለም።

«ምነው ባካችሁ? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

«አንተ ታውቃለህ» አለው አበጀ የሚባለው ልጅ ፊቱን አዙሮ።

ማስረሻ ወደ ይበልጣል ተመለከተ። ይበልጣል አቀርቅሮ በእግሩ ጭቃ ይጭራል። ማስረሻ ጅራፉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሜተኛው ተገኝቶም ጩኸቱ ተመልሶ መጣ። እንዲያውም ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል በረታበትና እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ እትዬ የሻረግ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ነርሷ ሲስተር ህይወት ጆሮውን በመብራት አይታ የሆነውን ሁሉ አስለፈለፈችው።

«ከመጀመሩ በፊት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ጅራፍ ስንለማመድ... እኔው ያጮህኩት ጆሮዬ ሥር ፈነዳ።»

«ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ!» ብላ ሳቀች። «ስማ፣ ይህ ጩኸት ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ጆሮህ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። ጅራፉ ጥቂቶቹን ሳይጎዳ አልቀረም፤ ስለዚህ ወደ አንጎልህ የሚሄደው ድምፅ ቀነሰ። መምህር ያልገባበት ክፍል ምን ይሆናል?»

«ይንጫጫል።»

«በቃ፣ ያ ነው። ድምፅ ሲጠብቁ የነበሩት የአንጎልህ ሕዋሳት ሥራ ሲፈቱ ራሳቸው ይንጫጫሉ። አንተ ደግሞ ማን አማኝ እያልክ ስታዳምጣቸው፣ አንጎልህ ቁም ነገር መስሎት ጩኸቱን ያጎላዋል።»

«ኪኒን የለውም?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ቆርጦ የሚጥለው ኪኒን የለም እትዬ። ጆሮው ይረፍ፤ ጅራፍ ወዳለበት ከሄደም ይድፈነው። ሲተኛ ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱለት። ብዙ ጊዜ አንጎል እየለመደ ይተወዋል። ካልተሻለው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልኬው በደንብ ይመረመራል።»

ይበልጣል አልተዋጠለትም። «ታዲያ ማስረሻ ሲባል ለምን ጸጥ አለ?»

«በዚያ ሰዓት ሌላ ትልቅ ድምፅ አልነበረም? ትልቁ ትንሹን ይሸፍነዋል።»

አክስትና የእህት ልጅ ተያዩ።

«ወፍጮው!» አለ ይበልጣል።

ሲስተር ህይወት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እትዬ የሻረግም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። ይበልጣልም አብሮ ሳቀ። ወዲያው ግን ማስረሻ ጅራፉን ሲጠቀልል ታየውና ሳቁን አቆመ። እሱን ያማው ሰው አልነበረም። ማስረሻን ያማው ግን እሱ ነው።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ ማስረሻ ቤት ሄደ። ማስረሻ ደጁ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ይጠርጋል፤ ቀናም አላለ። ይበልጣል ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ጆሮውን፣ የስም ጥሪውን፣ ለልጆቹ ያወራውን ውሸት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ማስረሻ አካፋውን ተደግፎ። «እኔን የፈረደብኝ ወፍጮ ነው?»

«ወፍጮው ነው።»

ማስረሻ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። ሲያበቃ ግን ፊቱ ተኮሳተረ። «ሰላም ነን፣ እሺ። ልጆቹስ? እኔ ብምል ብገዘት አያምኑኝም።»

ከሜዳው በኩል ጅራፍ ይንጣጣል። ይበልጣል እዚያ የሚጠብቀውን ያውቃል። ዘንድሮ ማጮህ እንደማይችል ይነግራቸዋል፤ በዚያ ላይ ውሸታም ይሉታል፤ አለቅነቱንም ይነጥቁታል። ሲስተር ህይወት የሰጠችውን ጥጥ ከኪሱ አውጥቶ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ወተፈ።

«ጅራፍህን ያዝ» አለ።

«አሁን? ከቡሄ በኋላ ብትነግራቸውስ? ዓመቱን ሙሉ ነው ሙድ የሚይዙብህ።»

«ይያዙ» አለና ቀድሞ ወደ ሜዳው መንገድ ገባ።