በሺሮኮ ቀን የተከፈተ መስኮት

አሮጊቷ ኦርሶላ የተገኘችው አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ አንሶላዋ እስከ ደረቷ ተስቦላት ነው። የመኝታ ክፍሏ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። የፓሌርሞ ከተማን ሰው ከሬሳው ይበልጥ ያስደነገጠው ይህ መስኮት ነው። ሺሮኮ ከባሕሩ ማዶ የበረሃውን ትኩሳት ተሸክሞ ከመጣ ሰንብቷል፤ በዚህ ነፋስ ቀትር ላይ መስኮት የሚከፍት ጤነኛ ሰው በከተማው የለም። ቤት ጎህ ሲቀድ ይዘጋል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፈታል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ኢንስፔክተር ዶናታ ኢንግራሲያ ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ባልደረቦቿ ሁሉ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ወርደዋል። የቀረችው እሷ ስለሆነች ደጃፉን ስትረግጥ ቁጣዋም አብሯት ገባ።

በሩ ላይ የጠበቀቻት ከፊት ለፊቱ ሕንፃ የምትኖረው ጎረቤት ፊና ናት። ፊና ፍርዱን ሰጥታ ጨርሳለች።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አለቻት ድምጿን ሳትቀንስ። «የገደለቻት ምራቷ ናት። ሆን ብላ ነው አላልኩም፣ ባለማወቋ ነው። ዴንማርክ ነው ያደገችው። እዚያ ፀሐይ ስትመጣ እንደ እንግዳ ተቀብለው ያስገቧታል አሉ።»

የፊና ወሬ ረጅም ነበር፤ ፍሬው ግን አጭር። የኦርሶላ ልጅ ታኖ ሰሜን ጣሊያን፣ ጄኖቫ ነው የሚኖረው፤ በየበጋው ሚስቱን ኪርስተንን ይዞ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ዘንድሮ በመጡ ማግስት ኪርስተን ቀትር ላይ ይህንኑ መስኮት ከፍታ፣ ኦርሶላ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ተቆጥታታለች። ዛሬ ደግሞ ፊና ሳህን አጥባ የራሷን መስኮት ልትከልል ስትል ያኛው ተከፍቶ አየችና፣ «ይህቺ ሴትዮ ደግማ ከፈተችው» ብላ ተራግማ ተኛች። ወደ ማታ የኦርሶላ እህት ቪቱዛ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አብረው ገቡ። ኦርሶላን ሞታ አገኟት።

ሐኪሙም ከፊና ብዙ አልራቀም። «የልብ ሕመምተኛ፣ እርጅና፣ ይህ ሙቀት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዶናታ ከራስጌው የነበረውን ብርጭቆ አሳየችው። ከሥሩ የቀለጠ የሎሚ በረዶ ቀርቶበታል። «ይሄ ይመርመርልኝ።»

«ሎሚ ነው እኮ።»

«ሎሚ መሆኑን ንገረኛ።»

ሰዎቹን አስወጥታ ክፍሉ መሃል ቆመች። ማራገቢያው ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ ተቀምጧል፤ ግን አይዞርም። ቁልፉን ስትነካው ተነሣና ጮኸ፣ መልሳ አጠፋችው። ከመስኮቱ ሥር ዘወትር ወንበር ይቀመጥ እንደነበር ከወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ይናገራል፤ ወንበሩ ግን ተነሥቶ ከግድግዳው ጥግ ተጠግቷል። መጋረጃውም ወደ ላይ ተሰብስቦ ተቋጥሯል። ዶናታ እነዚህን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አያቷ የሞተችበት ቤት ትዝ አላት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ታኖን ነው። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው። ዘንድሮ የመጣው ለጥየቃ ብቻ እንዳልሆነ ነገራት፤ እናቱን ጠቅልሎ ወደ ጄኖቫ ሊወስዳት ነበር። መርከቡ የዛሬ ማታው ነው። ቀትር ላይ የት ነበርክ ስትለው ወደብ አላት። ምን ልታደርግ ስትለው «ጉዳይ ነበረኝ» ብቻ አላት። ሲናገርም ሲያለቅስም አንድ ጊዜ እንኳ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም።

ኪርስተን ቀትሩን ራሷን አሟት ከኋላ ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። ዓመታት ጣሊያን አገር ብትኖርም ንግግሯ ገና ይሰነካከላል።

«እኔ አልከፈትኩም» አለች። «አንዴ ተቆጥታኛለች፤ ይበቃኛል።»

«ባልሽ ምን ይላል?»

«‹ምናልባት ረስተሽው ይሆናል› ይለኛል።» እጆቿን ተመለከተች። «ሰው መስኮት መክፈቱን ይረሳል? ወደ ጄኖቫ ብመለስ በየማታው እያየኝ እንዲህ ሊያስብ ነው። እንዲህ እያሰበ አብሮኝ አይኖርም።»

«የሎሚ በረዶውን ማን ሰጣት?»

«እኔ አይደለሁም። ከእጄ ውሃ እንኳ ተቀብላኝ አታውቅም። ‹ቪቱዛ ታመጣልኛለች› ነው የምትለው።»

ዶናታ «በአገራችሁ ሰው ቤት ውስጥ ሲሞት ምን ይደረጋል?» አለቻት። ኪርስተን ጥያቄው ግራ አጋባት። እሷ ባደገችበት ሰው የሚሞተው ሆስፒታል ነው፤ ሬሳ በዓይኗ ስታይ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

ቪቱዛ ማድ ቤት ውስጥ፣ በጨለማው፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አግብታ አታውቅም። እህቷ ባሏ ከሞተባት ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ ናቸው። ምሳ እንደተነሣ፣ ኦርሶላ ገና ጋደም ሳትል ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዷን በደረቅ ዓይን ተናገረች።

«እማማ ቪቱዛ፣ እህትዎ ጄኖቫ ሲሄዱ እርስዎስ?»

«እኔማ እዚሁ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ተባለ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ድመትም አይወሰድ፣ አሮጊትም አይወሰድ።»

በዚህ መሃል የጄኖቫው መርከብ ከወደቡ ጮኸ። እስከዚያች ሰዓት ያላለቀሰችው ቪቱዛ ሽርጧን አንሥታ ፊቷን ሸፍና ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ዶናታ ጠበቀቻት። ሰው ስለ ሞተ ሳያለቅስ ስለ ሄደ መርከብ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ሐኪሙ ደወለ፤ ድምፁ ከትናንቱ ዝቅ ብሏል። በሎሚ በረዶው ውስጥ የእንቅልፍ ጠብታ ተገኝቷል፤ ኦርሶላ ከምትወስደው የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ለሞት የሚበቃ። ሙቀቱ ቢበዛ አግዞ ይሆናል እንጂ አልገደላትም። ዶናታ ከዚያ ወደብ ወረደች። የመርከብ ትኬት የሚሸጠው ሰው ታኖን ያስታውሰዋል፤ ቀትሩን ሙሉ ተሰልፎ ነበር። ለምን እንደተሰለፈም ነገራት። እሷ ያንን ሰምታ ለጥቂት ጊዜ ባሕሩን እያየች ቆመችና ተመለሰች።

ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፤ ምግብ ከጎረቤት ይመጣል። ዶናታ ስትገባ የሕንፃው ሴቶች ሳህኖቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል፤ አንዱ ለታኖ፣ አንዱ ለቪቱዛ። ለኪርስተን ማንም አላመጣላትም። እሷም ከበሩ አጠገብ ተነጥላ ቆማለች፤ አጠገቧ የተቀመጠ የለም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ በየቤቱ መስኮት መከፈት ጀምሯል። ዶናታ ታኖን፣ ኪርስተንን፣ ቪቱዛንና ፊናን ኦርሶላ በሞተችበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የቀሩትን ሴቶች አስወጣቻቸው፤ ሲወጡ አጉረመረሙ።

«ከትናንት ጀምሮ መስኮቱን ማን ከፈተው ስንል ዋልን» አለች። «ለምን ተከፈተ ያለ የለም። ነፋስ የፈለገ ሰው ማራገቢያ አያጠፋም። ይሄ ደህና ይሠራል፤ ግን ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። ነፋስ የፈለገ ሰው መስኮት ይከፍትና ዞር ይላል፤ ወንበር አንሥቶ ጥግ አያስይዝም፣ መጋረጃ ሰብስቦ አይቋጥርም። መንገድ ነው የተጠረገው። ለሚገባ ነገር ደግሞ አይደለም። ለሚወጣ ነው።»

ለፊና ቀድሞ ገባትና አማተበች።

«አዎ» አለች ዶናታ። «ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፈታል። አያቴ ስትሞት እናቴ ስትከፍት አይቻለሁ። እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቀዋለን። የማታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እኛ የፈረድነው በእሷ ላይ ነው።»

ታኖ ወደ ሚስቱ ዞረ። ኪርስተን የተባለውን ሁሉ አልተከታተለችም፤ የባሏን ፊት አይታ ግን ግድግዳውን ተደገፈች።

«እንግዲህ መስኮቱ ሲከፈት ኦርሶላ ሞታ ነበር። የከፈተው ሰው መሞቷን አይቷል፤ አይቶም ለማንም አልተናገረም። ፊና ብትሆን ኖሮ…»

«ጩኸቴ ወደቡ ድረስ ይሰማ ነበር» አለች ፊና ራሷ።

«ታኖ ደግሞ ወደብ ነበር፤ ያየው ሰው አለ።» ዶናታ ድምጿን ቀነሰች። «የገደላት ጠብታ የሎሚ በረዶው ውስጥ ነበር። ከምራቷ እጅ ውሃ የማትቀበል ሴት ይህን ከማን እጅ ተቀበለች? እማማ ቪቱዛ፣ ገና ጋደም ሳትል ወጣሁ ብለውኛል። በዚህ ሙቀት ግን በረዶ ቀድሞ አይቀመጥም፤ ውሃ ይሆናል። አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ ነው የሚሰጣት። እርስዎ እዚህ ነበሩ።»

ቪቱዛ የምትመለከተው ማራገቢያውን ነው።

«ነፋሱ ነፍሷን ወደ ውስጥ እንዳይመልሳት ብዬ ነው ያጠፋሁት» አለች።

ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች። ጠብታው የራሷ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ካላት ጀምሮ የምትወስደው። መርከቡ እስኪሄድ ብቻ ኦርሶላ እንድትተኛ ፈልጋ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው መርከብ ይታሰባል፣ ሲታሰብ በጋው ያልፋል፣ ታኖም ሥራ አለው፣ ይሄዳል። ለእሷ የሚበቃት ጠብታ እህቷን እንደማያስተኛት ስላሰበች ጨመር አደረገች። ሳህን አጥባ ብትመለስ ኦርሶላ አትተነፍስም። ጠራቻት። ዓይኗን ከደነችላት፣ አንሶላውን ሳበችላት፣ መስኮቱን ከፈተችላት። ከዚያ ከኋላው ክፍል ኪርስተን ስትስል ሰማችና ሸሽታ ወጣች።

«በኪርስተን ሲፈረድስ ለምን ዝም አሉ?»

ቪቱዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪርስተንን ቀና ብላ አየቻት። «መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ኋላ ደግሞ… እሷ መሄጃ አላት አልኩ።»

ፊና ወጣ አለች። ከምግቡ ጠረጴዛ ሳህን አምጥታ ኪርስተን እጅ ላይ አኖረች። ይቅርታ የምትለው በዚህ ነው፤ ሌላ ቋንቋ የላትም።

ዶናታ ቪቱዛን ደግፋ ታወርዳት ጀመር። መኪናው ውስጥ አስቀምጣት በሩን እንደዘጋች ታኖ ከደረጃው ሥር ጠራት። ኪርስተን ከኋላው ቆማለች፤ ሳህኑን እንደያዘች ነው።

«ወደብ የሄድኩት የእናቴን ትኬት ልመልስ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አክስትህ ባለችበት ያልጠየቅኩህ።»

«ትናንት ጠዋት አልሄድም አለችኝ። ‹ቪቱዛን ጥዬ የት እሄዳለሁ?› አለች። ልንገራት ብላት፣ ‹ተው፣ ራት ላይ እኔው እነግራታለሁ፤ እስከዚያ ታኩርፍ። ስታኮርፍ የልጅነቷን ትመስለኛለች› ብላ ሳቀች።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «አክስቴ ይህን ማወቅ የለባትም? እውነት አይደለም እንዴ?»

ዶናታ እውነትን ፍለጋ ደሞዝ የሚከፈላት ሰው ናት። ልትመልስለት ስትል ኪርስተን ቀደመቻት።

«አትንገራት» አለች በተሰነካከለ ንግግሯ። «አንተም፣ እኔም፣ ማንም። መቼም።»

ታኖ ሚስቱን አያት። ሳህኑን ከእጇ ተቀብሎ ደረጃው ላይ አስቀመጠውና እዚያው ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ዶናታ መኪናው ውስጥ ገባች። ቁልፉን ልትጠመዝዝ ስትል ቪቱዛ ከኋላ ተናገረች።

«ልጄ፣ ብትሄድ ኖሮ ትረሳኝ ነበር?»

«አትረሳዎትም ነበር።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ዶናታ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። አሮጊቷ ወደ ፊት ዘንበል ብላ መልሱን እንደ ተራበ ሰው ትጠብቃለች።

«ማወቅ ሥራዬ ነው» አለቻትና መኪናውን አስነሣች።