የደርሶ የጥይት ካርቶን

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ጋኔን፣ የሙት መንፈስ ምናምን ሲባል በሰው ፊት የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ «አንተ ልጅ፣ አፍህ አንድ ቀን ያሳፍርሃል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ስለዚህ ይሄን ስትሰሙ አብዷል ብትሉኝ አልቀየማችሁም።

የምኖረው ስዊድን፣ ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር ነው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ሱሴ ደግሞ የድሮ የጠመንጃ ጥይት ካርቶን መሰብሰብ ነው። ጥይቱን አይደለም፣ ባዶ ካርቶኑን! ሚስቴ «ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ የኔ ባል ቆሻሻ» ትላለች። ግን ለሚያውቀው ሰው የላዩ ወረቀት ቀለም፣ ማጣበቂያው፣ ክዳኑ ውስጥ የተመታው የፋብሪካ ቁጥር፣ ሁሉም ዕድሜውን ይናገራል።

ይሄን የሰሙት ጋሼ ተሰማ፣ ከተማው ማዶ ቴንስታ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዙኝ። ዘመድ ከአገር ቤት ያመጣላቸው ካርቶን ነበር፣ ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ደርሶ» ተብሎ ተጽፎበታል። ደርሶ ታናሽ ወንድማቸው ነው። በጉርምስናቸው ተጣልተው ከቤት አባረሩት፣ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ፣ በወሩ ሞተ ተባለ፣ ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ።

«ልጄ፣ ጽሕፈቱ የሱ ነው» አሉኝ እጄን ይዘው፣ «ካርቶኑን ይዘኸው ሂድና መቼ እንደተሠራ ብቻ ንገረኝ። ሞተ ከተባለ በኋላ ከሆነ ያን ጊዜ አልሞተም ማለት ነው። እኔም አልገደልኩትም ማለት ነው።»

እመኑኝ፣ ቤቴ በገባሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አወቅኩት። እኔ ጋ የዚያው ፋብሪካ ካርቶን አለ፣ አስተያየሁት፣ የደርሶ የተሠራው ሞተ ከተባለ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስልክ አንስቶ መናገር ነበር! ግን እንዲህ ያለ ካርቶን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ ከነገርኳቸው ይወስዱታል፣ እናም ሲደውሉልኝ «ጋሼ፣ ይሄ በስልክ አይነገርም፣ ቅዳሜ መጥቼ በአካል እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። በስልክ የማይነገረው እኮ መርዶ ነው፣ ይሄ ምሥራች ነበር! ወጉን ለስስቴ መሸፈኛ አደረግኩት። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፣ እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ እንዳልክ» ይሉኛል። አይ ጋሼ!

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን፣ ዲሴምበር ስለሆነ ገና በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል፣ ወጥ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ከካርቶኑ ውስጥ ኪል... ኪል የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥይት ሲንከባለል እንደሚሰማው። የጎረቤት ነው አልኩ። ደገመ። ከፈትኩት፣ ባዶ። ዘጋሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ኪል። ትስቁብኝ ይሆናል፣ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ከፍ ይላል፣ የሚተነፍስ ነገር የተቀመጠበት ይመስል። ከዚያ የባሩድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«በስመ አብ! እሺ፣ እነግራቸዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ጸጥ አለ።

ያኔ እንኳ አልደወልኩም። በስልክ አይነገርም ብዬ የለ፣ ምን ብዬ ልደውል፣ አፈርኩ። በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን በቦርሳ ይዤ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቴንስታ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። የከፈተችልኝ ልጃቸው ሳራ ናት፣ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው፣ ያን ቀን ግን ተንተባትባ በአማርኛ «አባዬ ሌሊት አረፈ» አለችኝ። ከዚያ በስዊድንኛ ቀጠለች፣

«ትናንት ስለደወልክለት አመሰግናለሁ። ወንድሙ አራት ዓመት ኖሯል አልከው አይደል? አለቀሰ፣ ሳቀ፣ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኳት።

«ሦስት ሰዓት» አለች፣ በፈረንጁ አቆጣጠር፣ በኛ ዘጠኝ ማለት ነው። «ደግሞ ‹ድንቡሼ› ብለህ ጠራኸው። ወንድሙ ይጠራው የነበረ የልጅነት ስሙ እንደሆነ ለኛ እንኳ የነገረን ትናንት ነው፣ ላንተ ማን ነገረህ?»

ካርቶኑን አውጥቼ ሰጠኋት፣ መልሳ እጄ ላይ አደረገችው። «ላንተ ይሁን ብሏል። ‹ያ ልጅ ከነሸክሜ እንዳልሞት አደረገኝ› እያለ ነው የተኛው።»

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ካርቶኑን ተቀበልኩ።

ስልኬን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ያን ቀን ወደ እሳቸው የደወልኩት የለም። ማን እንደደወለላቸው ማሰብ እጀምርና እተወዋለሁ። ሳራ በየበዓሉ ደውላ ታመሰግነኛለች፣ እኔም «ምንም አይደል» እላታለሁ።